አባባ በእኔ ጆሮ ያስነሷት ቮልስ

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ሠርቶ የጨረሰ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ገና አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ እስካሁን የሠራሁት ሥራ ቢኖር ዕቃ ማጠብ ነው፣ እሱንም አኩርፌ። ስለዚህ የምጽፈው የአያቴን የሥራ ዘመን ነው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ጋሼ ደግፌ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ። "ራስዎ ይጻፉት እንጂ" ስላቸው፣ "የእኔ እጅ የለመደው መፍቻ ነው። አንቺ ጻፊው፣ ስትሳሳቺ እቆጣሻለሁ" አሉኝ። ተቆጥተውኛልም። ቢሆንም ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ግቢያችን ውስጥ የሆነውን ነገር ከእኔ የበለጠ በደንብ የሰማ ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ ስትደርሱበት ይገባችኋል።

ቤታችን ግቢ አለው። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊት ለፊታችን የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን፣ ጀርባችን ፎቅ፣ ጎናችን ሌላ ፎቅ ሆኖ፣ መሃል ላይ የእኛ ጠባብ ግቢ ቀርታለች። ፀሐይ የምትገባው በሁለቱ ፎቆች መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ረፋዱ ላይ ትመጣና አንድ ጥግ ላይ ብቻ ታርፋለች። እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ የአባባ ቮልስ ቆማለች።

አባባ ጋራዡን ለሰይፉ ካስረከቡ በኋላ ውሏቸው ይሄ ነው። ሰይፉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማሩት መካኒክ ነው። ጠዋት ጠዋት የተጣለ ጎማ ገልብጠው፣ አፈር ሞልተው፣ ጎመንና ቃሪያ ይተክላሉ፣ የጥብስ ቅጠሉን ይገርዛሉ። ከዚያ የቮልሷን ሸራ ገለጥ አድርገው ይወለውሏታል። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ያይዋታል። በቃ። አትነሳም። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ተነስታ አታውቅም። አባባ ግን ሲያይዋት ደስ ይላቸዋል፤ እኔም እሳቸው ሲያይዋት ሳይ ደስ ይለኛል።

ደስ የማይላቸው እማማ ናቸው። እማማ የአባባ ሚስት፣ አያቴ፣ ሰፈሩ እትዬ ዘነበች የሚላቸው፣ አትክልት ተራ ቲማቲምና ሽንኩርት በጅምላ ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። እሳቸው የሚያዩት መኪናዋን ሳይሆን የቆመችበትን ፀሐይ ነው።

"ደግፌ" አሉ አንድ ቀን። "ጎመኔ ጥላ ውስጥ ገርጥቶ አለቀ። ይቺ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ተንፈላሳለች። ፀሐይ ለቆርቆሮ ምን ያደርግላታል?"

"ቆርቆሮ አይደለችም።"

"ምንድን ናት ታዲያ?"

"ቮልስ።"

"መኪና ማለት የሚሄድ ነገር ነው። ይሄ የቆመ ነው። የቆመ ነገር ቤት ነው፣ ቤት ደግሞ አለን።"

ከዚያ እማማ ፍርዳቸውን ሰጡ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቦታው ይለቀቃል። ቮልሷ በራሷ ሞተር ከበሩ ከወጣች ሰይፉ ጋራዡ ውስጥ ጥግ ይሰጣታል፣ አባባም እሁድ እሁድ ይነዷታል። ተገፍታ ከወጣች ግን ለቆራሌው ናት፤ ምናለሽ ተራ ወስዶ በኪሎ ያስመዝናታል።

አባባ "እሺ" አሉ። እንዲህ በቶሎ እሺ ማለታቸው ገረመኝ። ወደ ቤት ገብተው ሬዲዮናቸውን ከፈቱ፤ በጣም ከፍ አድርገው።

እኔ በሆዴ፣ ምን ችግር አለው፣ አልኩ። አባባ እኮ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ሞተር በጆሮው የሚያነብ ሰው ማነው ቢባል አሁንም ስማቸው ነው የሚጠራው። እንዴት እንደዚያ እንደሆኑ ልንገራችሁ፤ የሥራ ዘመናቸው እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

አባባ ወደ መርካቶ የመጡት ልጅ ሆነው፣ የአጎታቸውን ጨርቅ ሱቅ ሊያግዙ ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት ጋራዥ ነበረ። "ጨርቅ ስታጥፊው ዝም ይላል" ይላሉ አባባ። "ሞተር ግን ይመልስልሻል።" አጎታቸው በየቀኑ ከጋራዡ በር ላይ ጎትተው መመለስ ሲሰለቻቸው፣ አንድ ቀን እጃቸውን ይዘው ለጋራዡ ባለቤት ሰጧቸው። "እንካ ውሰደው፤ ጨርቄን በግሪስ ጨረሰው" ብለው።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ከድር ይባሉ ነበር። አባባ ስለሳቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ጋሼ ከድር ሕግ ነበራቸው፤ መጀመሪያ ባለቤቱ ያወራል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ያወራል፣ መካኒኩ መጨረሻ ነው። መኪና ሲመጣ ኮፈኑን አይከፍቱም። ለባለቤቱ በርጩማ ይሰጡትና "እስቲ አጫውተኝ" ይሉታል። ከዚያ አንዲት የክንድ ርዝመት ያላት የወይራ እንጨት አለቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ሥር ካለው አጥንት ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ድምፅ በእንጨቱ በኩል ይመጣል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ጠርገው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ለባለቤቱ ይሰጡታል። "ያወጣሁልህ ይሄን ነው" ብለው። ሰዉ ቤቱ ወስዶ ይጥለው ይሆናል፤ ግን ጋሼ ከድር ሳይሰጡ ቀርተው አያውቁም።

ዓርብ ጠዋት ሞተር አይፈቱም ነበር። አንዋር መስጊድ ለስግደት ሲሄዱ ክፍት ሞተር ጥለው መሄድ አይወዱም። "ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ሐሳቤ ብሎን ላይ እንዳይሄድ" ይሉ ነበር። ዓርብ ጠዋት ስለዚህ የጎማና የዘይት ቀን ነው።

አሁን የአባባን ትልቁን ውድቀት እነግራችኋለሁ። ራሳቸው ሲነግሩት ይስቃሉ፤ እማማም ይስቃሉ፣ ግን የእማማ ሳቅ ዘግየት ይላል።

አባባ ጎረምሳ ሆነው፣ አንድ የጭነት መኪና የሞተሩ ማሸጊያ ተቃጥሎ መጣ። ጓርኒሲዮን ይሉታል፤ የሞተሩ ክዳን ከሥር ካለው ጋር በሚገጥምበት ላይ የሚገባ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን እንዲሠሩ የተሰጣቸው ሥራ ይሄ ነበር። የጋሼ ከድር አሠራር የታወቀ ነው። ክዳኑ ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ይነሳል፣ ይሞቃል፣ ይጠፋል፤ ከዚያ ጭራሽ እስኪበርድ ይቆያል፤ ከዚያ ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በተራ እንደገና ይታሰራሉ። ሲሞቅ ይላላል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ማሰር ነው ዋናው።

የጾሙ መጨረሻ ሳምንት ነበር። ቲማቲም የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ጋሼ ከድር ለቅሶ ሄደዋል። ሾፌሩ ራስጌያቸው ቆሞ "ተነሳች አይደል? ተነሳች። ምን ትጠብቃለህ፣ እንቁላል ነው የምታስፈለፍለው?" ይላቸዋል። አባባ አፈሩ። መኪናዋን ከነሙቀቷ ሰጡት።

መኪናዋ መቂ ደርሳ ቲማቲም ጫነች። ስትመለስ ዱከም ላይ ሞተሩ ፈላ። ቆመች። ፀሐዩ ያው ታውቁታላችሁ። ሌላ መኪና ተፈልጎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ቲማቲሙ ስልስ ሆኗል።

የቲማቲሙ ባለቤት ያላትን ሁሉ እዚያ ጭነት ላይ ያዋለች ወጣት ነጋዴ ነበረች። አንድ ሣጥን በተሸካሚ አስይዛ ጋራዡ ድረስ መጣች፤ አባባ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ፣ መፍቻዎቹ መሃል አስቀመጠችው። ጭማቂው እየወረደ ነው።

"የአንተ ነው" አለች። "አንተ ነህ ያበሰልከው።"

ጋሼ ከድር አልጮሁም። የፈነዳውን ጓርኒሲዮን አወጡ፣ ጠረጉ፣ በጋዜጣ ጠቀለሉ፣ ግን ለባለቤቱ አልሰጡትም። ለአባባ ሰጧቸው። "ሾፌሩን ሰማህ፤ ሞተሩን አልሰማህም" አሏቸው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ መፍቻ እንዳይነኩ ከለከሏቸው። የወይራ እንጨቷን ብቻ ሰጧቸው። ጋራዡ የሚገባውን መኪና ሁሉ ማዳመጥና፣ ጋሼ ከድር ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ምን እንደሆነ መናገር። "ተሳሳትኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እየቆየ መሳሳት አቃተኝ" ይላሉ አባባ።

ያቺ ነጋዴ እማማ ናቸው፤ ገምታችኋል መቼም። አባባ ጎህ ሲቀድ አትክልት ተራ እየሄዱ ጭነት ያወርዱላቸው ጀመር።

"ካሳ ነው ብሎ መጣ" ይላሉ እማማ። "ይኸው ካሳው አላለቀም።"

ጋሼ ከድር አርጅተው ጋራዡ ሲዘጋ አባባ መንግሥት ቤት ተቀጠሩ፤ የጭነት መኪና የሚጠግን መሥሪያ ቤት ነው፣ ወደ አሰብ መንገድ መደቧቸው። ዛሬ የሚወስዷት ጡረታ ከዚያ የመጣች ናት፣ ለስኳር ትበቃለች። ሚሌ በረሃ ላይ መፍቻ ፀሐይ ላይ ከተረሳ የእጅ ቆዳ ይልጣል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከመኪናው ሥር ያስቀምጡት ነበር። አለቃቸው ስብሰባ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሞተር ሲበላሽ ሠራተኛውን ሰብስበው "ጓዶች፣ ይህ ሞተር ለምን ተበላሸ?" ብለው ይጀምራሉ። አባባ ሽንት ቤት ብለው ይወጣሉ፣ ሞተሩን ያስነሳሉ፣ ይመለሳሉ። ስብሰባው ሞተሩ እንዲጠገን ወስኖ ሲበተን መኪናው ውጭ እየሠራ ነው። አለቃው ደስ ይላቸዋል፤ ውሳኔያቸው በዚህ ፍጥነት ሲፈጸም ያዩ አለቃ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወደ መርካቶ ተመልሰው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። እዚያ የሆነውን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም፤ አንዱን ብቻ። አንድ የታክሲ ሾፌር "ጋሼ፣ ይቺ መኪና ሚስቴ ስትገባ ብቻ ነው የምትጮኸው" ብሎ መጣ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። በርጩማ ሰጥተው "ሚስትህ የት ነው የምትቀመጠው?" አሉት። ሁልጊዜ ከኋላ በስተቀኝ፣ ከነዘንቢሏ። እዚያ ጋ አንድ የላላ ሞላ ነበረ። አጠበቁት፤ ትዳሩም ሰላም ሆነ።

እንግዲህ ቮልሷን ማስነሳት ለኚህ ሰው ምን ያቅታል? እኔ ያሰብኩት እንደዚያ ነበር።

ሥራ ጀመርን። ትምህርት ቤት ስመለስ የደንብ ልብሴን ቀይሬ የአባባን አሮጌ ሸሚዝ እለብሳለሁ። የነዳጅ ገንዳዋን አወረድን፤ ውስጡ ዝገት ነው፤ ጠጠር ጨምረን እያንቀጨቀጭን አጠብነው። ካርቡራተሯን ፈታን። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎቿን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኋቸው። እማማ በኩሽናው መስኮት በኩል "ረድኤት፣ ጥፍርሽ ጥቁር ሆኖ እንጀራዬን እንዳትነኪ" ይላሉ። ሰይፉ ባትሪ አምጥቶ ሰጥቶን ወደ ሥራው ተመለሰ።

ባትሪውን ገጥመን አባባ ቁልፉን አዞሩ። ቮልሷ አልሞከረችም። ደግመው አዞሩ። አንዴ አሳላት። ደግማ አሳላት። ከዚያ ተነሳች። ግቢው በጭስ ሞላ፤ የመጋዘኑ ልጆች እያጨበጨቡ ወጡ። እኔ ዘለልኩ።

ግን አንድ ድምፅ ነበር። ከሞተሩ ጉርምርምታ ላይ ቀጠን ብሎ የሚሰማ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል። ይህ ጥሩ እንዳልሆነ እኔም ገባኝ። አባባ ከመሪው ወርደው ወደ ኋላ መጡ፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። የወይራ እንጨቷን ሞተሩ ላይ አደረጉ፤ ጆሯቸውን ደገፉባት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ እኔ አዩ።

"ምን ትላለች?" አሉኝ።

ሊፈትኑኝ መሰለኝ። "እርስዎ አልሰሙም?"

መኪናዋን አጠፏት። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። "ጉርምርምታውን እሰማለሁ" አሉ። "ቀጭኑን ግን አልሰማም። ከጠፋኝ ቆይቷል። ጋራዡን የለቀቅኩት በወገቤ አይደለም።"

ወገባቸውን አሟቸው እንዳቆሙ ቤተሰቡ ሁሉ፣ መርካቶ ሁሉ ነው የሚያውቀው። ሬዲዮው ለምን እንደሚጮህ ገባኝ። እሺ ማለታቸውም ለምን እንደፈጠነ ገባኝ፤ የሚከራከሩበት ነገር አልነበራቸውም።

"ሰይፉን ልጥራው?" አልኩ።

"ተዪው። ሰይፉ ከሰማ ሶማሌ ተራ ይሰማል። ጆሮ የሌለው መካኒክ ብለው..." አልጨረሱትም። ነገሩን አስረዱኝ። ያ ድምፅ ከሞተሩ ውስጥ የመጣ ከሆነ ቢየላ ነው፤ ፒስተኑን ከታች ከሚዞረው ብረት ጋር የሚያያይዘው ክንድ ማለት ነው። ቢየላ ከሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ዕቃውም ሰኔ ከመግባቱ በፊት አይገኝም። ቆራሌው ይወስዳታል። ሌላ ነገር ከሆነ ግን እንደርስበታለን። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ድምፁ ብቻ ነው።

"ስለዚህ አንቺ ስሚና ንገሪኝ።"

አስነሷት። ሰማሁ። በአማርኛ ድርሰት ክፍሉን አንደኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ፤ "እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ" አልኳቸው፣ እየኮራሁ።

"ሲጀምር ነው ሲያባራ?"

እንደዚህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። አስተማሪያችን እንዲህ ስጽፍ በቀይ "ግሩም" ብለው ያልፋሉ።

"አላውቅም" አልኩ።

"ያልሽው ያምራል። ግን ሞተር አይፈታበትም። ድጋሚ ስሚ። ደረቅ ነው እርጥብ? ነዳጅ ስሰጣት ይፈጥናል ወይስ ይከብዳል?"

እንደገና ሰማሁ። ይፈጥናል እንጂ አይከብድም። ደረቅ ነው ግን የብረት ድርቀት አይደለም። ቃሉን ፈለግኩት፣ ፈለግኩት፣ ከዚያ መጣልኝ። "እማማ የሰው ሐሜት ሲሰሙ ምላሳቸውን ከላንቃቸው ጋር ጭ፣ ጭ፣ ጭ እንደሚያደርጉት ነው" አልኩ።

አባባ ሳቁ። "ስትቆጣ ነው ስትገረም?"

"ሲገረሙ። ቀለል ያለው።"

"ጥሩ። አሁን በእንጨቱ።"

የወይራ እንጨቷን ተቀብዬ ሞተሩ ላይ አደረግኩ፣ ጆሮዬ ሥር አስደገፍኩ። ሌላ ዓለም ነው ውስጡ። አንድ ትልቅ ሰው ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ ከጎኑ ደግሞ ብዙ ሰዎች ሲራመዱ ዓይነት ነው። ጭ ጭ የሚለውን ፈለግኩት። አጣሁት። እንጨቱን ሳነሳ አለ። ሳስደግፍ የለም።

"አባባ፣ በእንጨቱ ውስጥ የለም።"

"ምን አልሽ?"

ጠጋ ብዬ ጮኽኩ። "እንጨቱን ሳደርግ የለም። ስለቀው አየሩ ላይ አለ።"

አባባ ቀና አሉ። "ሲሞቅስ? ትንሽ ቆዪና ንገሪኝ።"

ቆየን። "እየቀነሰ ነው" አልኩ። "አሁን ሐሜቱን የለመዱት ይመስላል።"

"ቢየላ አይደለም" አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ራሳቸውን እንደሚያሳምኑ። "ቢየላ ቢሆን በእንጨቱ ገብቶ ጥርስሽን ነበር የሚያንቀጠቅጠው። ጭስ ነው። ጭሱ ወደ ማርሚታው፣ ወደ ጭስ ማውጫው ሳይደርስ በመጋጠሚያው እየሾለከ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅና ሲያብጥ ቀዳዳው ይጠባል።" ከደብተሬ ቀጭን ወረቀት ቀዱና ተንበርክከው ከመጋጠሚያው ሥር አስጠጓት። ወረቀቷ ተርገፈገፈች። ድምፁን ያልሰሙት ሰውዬ በዓይናቸው አዩት። "ይኸው አንደበቷ" አሉ። ወረቀቷን ሰጡኝ፤ እስካሁን ጫፏ ጥቁር ነው።

በማግስቱ የመጋጠሚያውን ማሸጊያ ቀለበት ልንገዛ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሰዉ "ጋሼ ደግፌ፣ ጠፉ እኮ፣ ወገብዎ እንዴት ሆነ?" እያለ ይጨብጣቸዋል፤ አባባ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ለሁሉም በፈገግታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ነጋዴ "ልጅዎ ናት? አድጋለች" ሲል "ደህና ናት፣ ተመስገን፣ ትንሽ ታስላለች" አሉት። ስለ ቮልሷ መስሏቸው ነው። እኔ ቶሎ ብዬ አሳልኩ።

ነጋዴው ቀለበት አወጣ። "ኦሪጅናል ነው ጋሼ፣ ለእርስዎ ሌላ አልሰጥም።"

አባባ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ታጠፈ። መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

"እሺ ኦሪጅናሉን ላምጣ" አለ።

ስንመለስ አባባ ወደ ቤት ገቡ፤ እማማ ከጎማዎቹ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ላግዛቸው ጀመርኩ።

"ነገረሽ?" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

"ምኑን?"

"ጆሮውን።"

እጄ ቆመ። "ያውቃሉ?"

"አንድ አልጋ ላይ የምተኛ ሴት? ዝናብ ቆርቆሮውን ሲሰብረው እኮ 'ደርቋል ዘንድሮ' ይለኛል።"

"ለምን አልነገሯቸውም ታዲያ?"

"እሱ ወገቤ ነው አለ። እኔም ይኸው ወገቡን አሸዋለሁ።" ቅጠሉን አራገፉ። "ምንም ያልሆነ ወገብ። የበሬ ወገብ ነው። በቀደም ሰይፉ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ሲያቆም፣ መኪናውም ድምፅ የለው፣ ደግፌም አይሰማ፣ እንዴት ተስማሙ አልኩ በሆዴ።"

"ታዲያ ፀሐዩን የፈለጉት ሰበብ ነበር?"

"ምን ሰበብ አለው። ጎመኑን አታዪውም?" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "ግን የሚሰማለት ሰው ካልያዘ እንደማያስነሳት አውቅ ነበር። ማንን እንደሚይዝ ነው ያላወቅኩት።"

ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። እነሆ አሁን ያነቡታል።

ቀለበቱን እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ እጄ ቀጭን ስለሆነ ይገባል። አባባ ከአጠገቤ መሬት ላይ ተኝተው "አንዱን አታጥብቂ፣ ሁለቱን እያፈራረቅሽ" ይላሉ። ከዚያ አስነሳናት፣ ሞቀች፣ አጠፋናት። እኔ ወዲያው ላስነሳት ስል እጄን ያዙኝ። እስክትበርድ ጠበቅን። አባባ ቃሪያቸውን አጠጡ። ከበረደች በኋላ እንደገና አሰርኩት።

ቀኑ ደረሰ። ቆራሌው ጠዋት በሩ ላይ ነበር፣ ሚዛኑን በትከሻው፣ ከኋላው ጋሪ። ሰይፉም መጥቷል። የመጋዘኑ ሠራተኞች መንገዱን ሊከፍቱልን የባልዲ ክምራቸውን ወደ ዳር ይገፋሉ።

"እትዬ ዘነበች" አለ ቆራሌው፣ የቮልሷን መከላከያ መታ መታ እያደረገ፣ "እውነቱን ልንገርዎት፣ ይቺ ጥሩ ሥጋ አላት። የዛሬ መኪና እኮ አጥንት ብቻ ነው።"

"እጅህን ሰብስብ፣ ገና አልሞተችም" አሉት እማማ።

"ተነስታ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ብትቀርም ደስ ይለኛል። እኔ ዛሬ መከፋት የለብኝም።"

አባባ ኮፍያቸውን አድርገው መሪውን ያዙ። አዞሩ። አንድ ጊዜ ብቻ አሳላትና ተነሳች። ጭሱ ከበፊቱ ቀጭን ነው። ማርሽ አስገቡ። ቮልሷ ከተኛችበት ስትነሳ ከሥሯ አራት የደረቁ ክቦች ቀሩ፤ እየተንቀጠቀጠች በጠባቡ በር ወጣች። መስታወቷ ከበሩ ጋር ልትነካካ ስትል ሁላችንም ትከሻችንን አጠበብን። ወጣች። ገና ጭሱ ሳይበተን እማማ የጎመን ጎማቸውን ወደ ፀሐዩ እየጎተቱ ነበር።

መንገዱ ላይ አባባ ፍሬን ይዘው ሞተሩን ሳያጠፉ ቆሙ። ሰው ተሰበሰበ። የጋሪ ገፊዎች ቆሙ፣ ነጋዴዎች ከሱቃቸው አንገታቸውን አወጡ። ሰይፉ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ጋሼ፣ ድምጿ እንዴት ነው?" አለ።

የሞተር ድምፅ የሚጠየቁት ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳቸው ናቸው። አባባ ቢፈልጉ ራሳቸውን ነቅንቀው "ደህና ናት" ማለት ይችሉ ነበር፤ ሶማሌ ተራ ላይ እንዳደረጉት። እሳቸው ግን ሰይፉን አዩት፣ የተሰበሰበውን ሰው አዩ፣ ከዚያ ረጋ ብለው፣

"እኔ አልሰማም" አሉ። "ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ረድኤትን ጠይቃት።"

ሰይፉ ቀና አለ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደቆምኩበት መጣ፤ አባባን እንደሚጠይቃቸው አድርጎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠየቀኝ።

"ረድኤት፣ ምን ትላለች?"

የኋላ ክዳኗን ከፈትኩ። የወይራ እንጨቷን አስደገፍኩ። አነሳሁ። ደግሜ አስደገፍኩ። ጭ ጭ የለም። የሚፈጥን የለም፣ የሚከብድ የለም። ሰዉ እየጠበቀኝ ቃል ፈለግኩ፤ ብዙ ቃል አለኝ እኮ። አንዱም አልገጠመም።

"ምንም አትልም" አልኩ፣ አባባ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማርሽ አስገቡ።